በነጠላ የተሸፈነው ኮምፒውተር

ኅዳር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መቱ መናኸሪያ በር ላይ ከሳምራ ጋር ተገናኘን። ሳምራ የጎረቤታችን የባለሱቁ የጋሼ ረድዋን ልጅ ናት፤ ጅማ ኮምፒውተር ትማራለች። ከሚኒባሱ እንደ ወረደች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«እትዬ ዘርፈሽ፣ ለቅሶ እንኳ አልደረስኳችሁም። ፈተና ላይ ነበርኩ።»

«ነይ፣ አባባ ቤት ነው» አልኳት።

እናቴ በየነች ያረፈችው ባለፈው ጥር ነው። ማመልከቻ ስትጽፍበት የኖረችው ኮምፒውተር ሳሎን ተቀምጧል። በመጨረሻው ክረምቷ፣ ደንበኛ በማይመጣበት ሰዓት፣ ስለ ቡሬ ልጅነቷ እያወራች ድምጿን ቀድታበት ነበር። ሌላ ድምጿ የለንም። አባቴ ወልደ የሱስ እሑድ እሑድ ይከፍትና ይሰማዋል። የኮምፒውተሩን ሳጥን በነጠላዋ ሸፍኖታል፤ ሲከፍተውም አይገልጠውም። እቃዋን ገላልጦ ማስቀመጥ እሷን መርሳት ይመስለዋል።

ስንገባ ድምጿ እየተሰማ ነበር። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ ልጅ ሳለን...» ትልና ትቆማለች፤ ቃሉ ይንቀጠቀጣል፤ ደግሞ ትቀጥላለች። ከነጠላው ሥር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አባቴ ሳጥኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ጋሼ፣ ማሎ፣ አይምቱት!» ብላ ለመነችው ሳምራ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ።

«ሲመቱት እኮ ይሰማል» አላት።

ሳምራ እጇን ነጠላው ላይ አሳርፋ ቶሎ አነሳች። «እሳት ሆኗል። መንቀጥቀጡ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመስቀል ወዲህ። በየነች ሆዷ ሲባባ እንዲህ ነበር የምታደርገው። ከዚህ በፊት ልብ ብዬ አልሰማኋትም ማለት ነው።»

ይህን ሲል ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እኔም እንደሱ አስቤ ነበርና።

«ጋሼ፣ እሳቸው አይደሉም» አለች ሳምራ ቀስ ብላ። «ሃርድ ዲስኩ ነው። ድምፃቸው የተቀመጠበት እቃ ማለቴ ነው። አንብቦ ሲያቅተው እየደጋገመ ይሞክራል፤ ቀጭ ቀጭ የሚለው ለዚያ ነው። ለመነሳትስ ይዘገያል?»

«እስኪነሳ ቡና ለቅመሽ ትመለሻለሽ። ቢሆንስ? እኔም ከአልጋ ለመነሳት ጊዜ ይፈጅብኛል።»

«እርስዎ ግን ቀጭ ቀጭ አይሉም።»

«ጉልበቴን ስላልሰማሽ ነው!»

ሦስታችንም ሳቅን። ከለቅሶው ወዲህ በዚያ ክፍል የተሳቀ አልመሰለኝም።

«በራሱ ጊዜ ድርግም ይላል? ስክሪኑስ ሰማያዊ ሆኖ ይቆማል?»

«ሁለቱም አለበት» አልኩ እኔ። «መብራት የዋዠቀ እየመሰለን ነው።»

«መብራቱም ይጎዳዋል። ግን ነጠላው አየር ከልክሎታል፤ ሙቀቱ ደግሞ ሕመሙን ያብስበታል። ገልጠን ብናየውስ?»

የአባቴ ፊት ተለወጠ። «ሙት ዓመቷ ሳይደርስ እቃዋ አይነካም። የረድዋን ልጅ፣ አንቺም ይህን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። አልፈታውም። ድምፃቸውን ብቻ ወደ ፍላሽ ልቅዳ።»

«ዛሬ እየሠራ አይደል? ምን አስቸኮለሽ?»

«እየሠራ ስለሆነ ነው የቸኮልኩት። ከቆመ በኋላ የእኔ መምጣት ምን ይጠቅማል?»

ሳጥኑ አሁንም ቀጭ አለ። አባቴ ወደኔ ሳይሆን ወደ ነጠላው እያየ፣ «እሷም ድካም ነው ትል ነበር» አለ። «ደረጃ ስትወጣ ትቆም ነበር። ቡናው ይሰብሰብና ሐኪም ቤት እንሄዳለን አልኳት።»

ተነስቶ ነጠላውን ራሱ ገለጠ፤ አጥፎ ደረቱ ላይ ያዘው። ሳምራ ፍላሹን ሰካች። ቅጂው ግማሽ ላይ ሲደርስ ተገተረ። አባቴ ሊመታው እጁን አነሳና መለሰው። ከረጅም ጥበቃ በኋላ አለቀ፤ ወዲያው ወደ ስልኬም ገለበጠችልኝ።

«እዚህ ያሉትን ፎቶዎቻቸውንም ልጨምር?»

«እነሱ ከሙት ዓመቷ በኋላ» አለ አባቴ። «የዛሬው ይበቃል። ግን አልመታውም፤ አልሸፍነውምም።» እሺ አልነው።

ይህን የምጽፈው እንደኛ የሙት ድምፅ ወይም የልጅ ፎቶ አንድ ሳጥን ውስጥ ላስቀመጠ ሰው ነው። ኮምፒውተር ሲግል፣ ሲያቃስት፣ ፋይል ለመክፈት ሲዘገይ፣ ያለ ምክንያት ሲጠፋ፣ «አርጅቷል» ብሎ ማለፍ አይገባም። ማብራት ማጥፋቱን አቁሞ፣ በመጀመሪያ ምትክ የሌለውን ነገር ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ይህን ያደረገ ሰው እቃው ቢሞትበት እንኳ ሁለተኛ ሐዘን አይሆንበትም። ነጠላ ማልበስም ፍቅር ነው፤ ለማሽን ግን አየር ይሻለዋል።

ጥር ላይ፣ ሙት ዓመቷ ሳምንት ሲቀረው ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። ድምጿ እኔ ጋ፣ አባቴ ጋና ቡሬ ያለችው አክስቴ ጋ አለ። ፎቶዎቹ አልተገኙም።