የሐጂ ሚስባሕ ምንጭ

ዙሊኻ በዚያ ጧት አጎቷን አገኛለሁ ብላ አልወጣችም። የውሃ ምህንድስና ተምራ ከአልጀርስ ከተመለሰች ወዲህ የመንደሯ ግድብ ግርጌ እንቅልፍ ነስቷት ነበርና አይታው ልትመለስ ነበር። አጎቷ ሐጂ ሚስባሕ ግን ከግድቡ ሥር ከሚፈልቀው ምንጭ ዳር ቁጢጥ ብለው፣ ለገበያ የሚወስዱትን ናና በነጭ ሳፋ ያጥቡ ነበር።

«አጎቴ፣ እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። ደግሞ ግድባችንን ልታሚ መጣሽ?»

«ልለምንዎት ነው እንጂ። ዝናቡ ሳይገባ የግድቡ በር ተከፍቶ ውሃው ዝቅ ይበል። ገበሬው የሚጠብቀው የእርስዎን ቃል ነው።»

«ውሃ ማባከን ሐራም ነው! ፈረንሳዮች ይህን ሲያሠሩ አባቴ እየተገረፈ ቀይ አፈር ከኮረብታው ተሸክሞበታል። አባቴ የደለደለውን ማን ይንደዋል? ምንጭ እንኳ አፍልቆልናል። አራስ የሚታጠበው በዚህ ነው፤ በረከት ነው!»

የዙሊኻ ደም ፈላ። ንዴቷ በሽማግሌው ብቻ አልነበረም። ፈረንሳዮቹ ከሄዱ ወዲህ የተሾመው ሁሉ ለግድቡ ያደረገለት ነገር ቢኖር፣ በጉብኝት ቀን የአጥሩን ብረት ቀለም መቀባት ነው። ከግድቡ በታች፣ በደረቁ የወንዝ መሄጃ ላይ ቤት ሥሩ ብሎ የፈቀደውም ያሁኑ ሹም ነው። የሐጂ ልጅ ተሳዲት ከነልጆቿ እዚያ ትኖራለች።

«በረከት አይደለም፤ ግድቡ እያፈሰሰ ነው! ግድቡ ሳይሠራ እዚህ ምንጭ ነበር?»

አልነበረም። ሐጂ ግን እንደዋዛ አይረቱም።

«ቢያፈስስስ? ስንት ዘመን አፈሰሰ፤ ምን አደረገን?»

«ጥርት ብሎ ሲፈስ ምንም። አሁንስ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ? ሳፋዎን ይዩት።»

ሐጂ ናናውን ገፋ አደረጉ። ሳፋው ሥር ቀይ ደለል ተኝቷል።

«የናናው ጭቃ ነዋ!» ብለው ተቆጡ። ሳፋውን አለቅልቀው ከምንጩ አፍ ራሳቸው ቀዱና ተቀምጠው ጠበቁ። ደለሉ እንደገና ረጋ፤ ያውም ቀይ። የናናው መደብ አፈር ጥቁር ነው።

«ይሄ...» አሉ ደለሉን በጣታቸው እያሹ፣ «ይሄ አባቴ የተሸከመው አፈር ነው።»

«አዎ። ውሃው ከውስጥ እየቦረቦረ ያወጣዋል። ዝናብ ሞልቶ ሲገፋው ግድቡ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሚያገኘው የተሳዲትን ልጆች ነው።»

«ለሹሙስ አልነገርሽም?»

«ነገርኩት። ‹ሽማግሌዎቹ እንቢ ብለዋል› አለኝ።»

«በእኔ ሊያሳብብ!»

ሐጂ ሳፋውን እንደተሸከሙ ቢሮ ገብተው፣ የሹሙ ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አደረጉት።

«እንካ! አንተ አጥር ስትቀባ ግድቡ አለቀልህ። ዛሬ በሩ ካልተከፈተ ይህችን እፊቴ ትጠጣታለህ!»

በሩ ተከፈተ። ገበሬው የዓመቱ ውሃ ሲሄድ አይቶ አጉረመረመ። በመጸው የወረደው ዝናብ ግን እንደዚያ ያለ ታይቶ አይታወቅም፤ ግድቡ ባዶውን ስለነበር ጎርፉን ዋጠው። ከዚያ ወዲያ ግድቡን ማደስ ተጀመረ፤ የወንዙ መሄጃም ለወንዙ ተለቅቆ ሰፈሩ ወደ ዳገቱ ወጣ። ይህ ሁሉ ቀድሞ ቢደረግ ኖሮ ያ ሁሉ ጭንቀት ባልኖረ ነበር።

ምንጩ ደረቀ፤ ናናውም ከሰመ። አንድ ጎረቤት በገበያ፣ «ሐጂ፣ በረከቱ ነጠፈ አይደል?» ብሎ ቀለደባቸው።

«ነጠፈ» አሉ ሐጂ ሚስባሕ። «የልጅ ልጆቼ ግን ደረቅ አልጋ ላይ ያድራሉ።»