ሲሳይ እግር አያስረዝምም

የአዋሹ ምግብ ቤት ባለቤት ጋሽ ከድሩ ፈቃድ ሊያሳድሱ ሰመራ በሄዱ ዕለት፣ ጫማቸው ጠቦ አላስቆም አላስቀምጥ ቢላቸው አንድ ጫማ ቤት ጎራ አሉ። አርባ አራት ቁጥር ሲለኩ የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ሙጂባ ገባች። አሁን ሰመራ የምትሠራ ሐኪም ናት። አየቻቸውና ሰላም ሳትላቸው አለፈች። በማዕዳቸው ያደገች ልጅ ናትና ሆድ ባሳቸው።

«ሰው ሲማር ጎረቤቱን ይረሳል ልበል?» አሏት።

ሙጂባ በድምፃቸው አውቃቸው፣ ደንግጣ እጃቸውን ሳመች። «ጋሽ ከድሩ፣ ይማሩኝ። እርስዎን አልረሳሁም፤ ፊትዎ ነው የጠፋኝ።»

ሳቁ። ስንት ዓመት ያያቸው ሁሉ «ተመችቶሃል» ሲላቸው ኖሯል። ጣታቸው ወፍሮ የብር ቀለበታቸው በመጋዝ ሲቆረጥ እንኳ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ነበር።

እሷ ግን መታወቂያቸውን ለምና ከአሥር ዓመት በፊት የተነሡትን ፎቶ ከፊታቸው ጋር አስተያየች። ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ አገጩ ሌላ ሆኗል። ጫማቸው ድሮ አርባ አንድ ነበር። ጥርሳቸው መሀሉ እየተከፈተ ነው፤ ራሳቸውን ያማቸዋል። ስለ ላብ ብትጠይቃቸው፣ የአዋሽ ሰው ሆኖ የማያልበው ማን አለ አሉ።

«ልጄ፣ ሲሳዬን በሽታ አታድርጊብኝ።»

«ሲሳይ ሆድ ላይ ይወጣል እንጂ እግር አያስረዝምም፣ ጋሼ። ከአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል፣ አተር የምታህል ዕጢ አለች። እብጠት ሲወጣባት፣ ብዙውን ጊዜ ካንሰር ባይሆንም፣ በሃምሳ ዓመትዎ ይደጉ ትልዎታለች። ሌላ ዓይነት እብጠት ደግሞ አንዲት ሴት ሳትወልድ ከጡቷ ወተት ያስወጣል፣ የወር አበባዋን ያስቀራል። እብጠቱ ከገፋ የዓይን ነርቭ ይጫናል። ለመሆኑ ግራና ቀኙ ይታይዎታል?»

ጋሽ ከድሩ ትከሻቸውን ዳበስ አደረጉ። በዚያ ሰሞን ትከሻቸው ከበሩ መቃን ጋር ይጋጭ ነበር፤ ከጎን ከመጣ ባጃጅም ለጥቂት ነው የተረፉት። ድካም ነው ብለው ለሚስታቸውም አልነገሩም። ምግብ ቤታቸውን ከባንኮኒ ሆነው በዓይናቸው የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸውና ፈሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ነገሩን ሁሉ ነገሯትና፣ «ይድናል?» አሉ።

«ሳይረፍድ ከደረስን ይታከማል። የደም ምርመራ፣ የጭንቅላት ኤምአርአይ፣ ከዚያም በአፍንጫ በኩል ቀዶ ጥገና። ያደገው አጥንት አይመለስም፤ ዓይንዎ ግን እንዲተርፍ ዛሬውኑ እንጀምር።»

አዲስ አበባ ሄደው ሲመረመሩ እንዳለችው ሆነ፤ ታከሙም። ከዓመት በኋላ ራስ ምታቱ ለቋቸዋል፣ ጫማቸው አርባ አራት ላይ ቆሟል፣ ከባንኮኒያቸው ሆነውም ግራና ቀኙን አንገታቸውን ሳያዞሩ ያያሉ።

አንድ ቀን ከሚሌ የመጣ ደንበኛ ሾፌር አገጩ ሰፍቶ፣ ጣቱ ወፍሮ ገባ። አስተናጋጇ ገና «ተመችቶሃል» ስትለው ጋሽ ከድሩ ተነሥተው መጡ።

«ቆይ እስቲ ወንድሜ፣» አሉት፣ «ጫማህ ስንት ቁጥር ነው?»