በሰው ትከሻ የመጡት ርዕሰ መምህር

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ መምህራን፣ ከክፍል ፎርፋችሁ የመጣችሁ ተማሪዎችም፤ እንደምን ዋላችሁ።

«አንተ ወሬ ታውቅበታለህ፣ ሁለት ቃል በል» ያሉኝ የሟች ባለቤት እትዬ ናቸው። እትዬ፣ በኋላ እንዳይጸጸቱ! እኔ ርዕሰ መምህራችን ጋሼ ከአራተኛ ክፍል ያባረሩኝ ልጅ ነኝ። የመውጫውን ደወል በጠዋት ደውዬ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ወደ ቤቱ ሰደድኩት። እሺ፣ የኔ ጥፋት ነው። የእህቴ ጥፋትስ ምን ነበር?

እህቴ ያቻት፣ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠችው። እግሯ አይታዘዝላትም። ለምዝገባ አዝዬ አደረስኳት። ጋሼ ደረጃው ላይ ቆመው፣ «በራሱ እግር ያልመጣ ልጅ እዚህ አይገባም» አሉ። «ጋሼ፣ የሚማረው እግሯ ነው ወይስ ጭንቅላቷ?» ብላቸው በጥፊ አጮሉኝ።

ሙት ወቃሽ አትሁን ትሉኛላችሁ። በቁማቸው ወቅሼ አየሁት እኮ! ዛሬ ነው እጃቸው የማይደርስብኝ።

ደግሞ ጨርሶ አልገባችም አትበሉ። ገብታለች። በዓመት አንድ ቀን፣ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ። ጋሼ ራሳቸው ቤታችን ድረስ መጥተው ይወስዷታል። ቢሯቸው ምስማር ላይ የተሰቀለ ሹራብ አለ፤ እሱን ያለብሷታል። ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጧታል። ተቆጣጣሪዎቹ «ማንንም ልጅ ያልተወ ትምህርት ቤት!» ብለው ያጨበጭባሉ። መኪናቸው ከበር ሲወጣ ግን፣ «ነይ፣ ሹራቡን አውልቂ።»

አምስት ዓመት! ሹራቡ ያው፣ ምስማሩ ያው። እሷ ግን አደገች። ዘንድሮ እጅጌው ክርኗ ላይ ቀረ። ጋሼ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ክንድሽን አጠፍ አድርጊው።»

ሳቃችሁ? እኔም ስቄ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

እትዬ ምክትል ርዕሰ መምህርት፣ የጋሼ ወንበር ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ነው አሉ። ሰኞ ምዝገባ ነው። እህቴ ትግባ ወይስ ሹራቡን እንጠብ? መሬት መሬት አይዩ እንጂ፤ መሬቱን ጋሼ ይዘውታል። ትግባ ብለው ራስዎን ነቀነቁ? አያችሁ አይደል? ይሄ ሁሉ ለቀስተኛ ምስክሬ ነው!

በሉ ደህና ይሁኑ ጋሼ። ስድስት ሆነን ተሸክመን አመጣንዎ። አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ከእህቴ ይከብዳሉ። የመቃብሩ ዘበኛ ግን በሩን ሲከፍት፣ «በራሱ እግር ያልመጣ አይገባም» አላለም።

ይግቡ።