ወሬም ወግ አለው

ሣህሊቱ መኪናዋን በስደት አገር የሐበሻ ሱቆች ባሉበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ፓርክ አድርጋ ስትወርድ፣ ጎረቤቷ ጋሼ ተክለብርሃን ከእትዬ ሰርክ ቅመማ ቅመም ሱቅ ሊገቡ ሲሉ ደረሰችባቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ዓለም እርስ በርሱ መዋጋት ከጀመረ ወዲህ ግን ራሳቸውን ጄኔራል ሾመዋል። ጠዋት የግንባሩን፣ ከሰዓት የድርድሩን ወሬ ከስልካቸው እየቀዱ ለሰፈሩ ያድላሉ።

«ወደቡ ጋየ!» አሉ ስልኩን እያሳዩ። «የሰርክ ልጅ የምትሠራበት፣ ዓረብ አገር! ገብቼ ልነግራት ነው።»

ሣህሊቱ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። ዘወትር አንተ ነው የምትላቸው፤ አንቱታው የሚመጣባት ስትናደድ ነው።

«ማን ነገረዎት?»

«ላይቭ ነው እኮ! መቶ ሺህ ሰው እያየው!»

«ባለፈው ተኩስ ቆመ ብለው አስጨበጨቡን፤ ጦሩ ባሰበት። ማክሰኞ አምባሳደሩን ገድለው ሐሙስ አስነሡት። አልዓዛር እንኳ አራት ቀን ቆይቷል!»

«አፍሽን ያዢ! እናት ናት፤ ማወቅ አለባት።»

«እሺ፣ መርዶ የምትነግሩት እንዴት ነው?»

ጋሼ ኮራ አሉ። በዚህ ሰፈር ያለ እሳቸው መርዶ አይነገርም። «መጀመሪያ አገር ቤት ተደውሎ ይጣራል። ከዚያ ተጠራርተን፣ የሚደግፍ ሰው ይዘን፣ በማለዳ ቤቷ እንሄዳለን። ሰው ሥራ ላይ እያለ መርዶ ይረዳል? ነውር ነው!»

«ታዲያ አሁን ይዘውላቸው የመጡት ምንድን ነው? ሎሚ ነው ወይስ መርዶ? ለሞተ አጎት የሚያጣራ ሽማግሌ፣ ለአንዲት ልጃቸው ስሙ የማይታወቅ ወሬኛ ይበቃዋል?»

ጋሼ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ፤ ሣህሊቱ ከበሩ ዘወር ስትልላቸው አብረው ገቡ።

እትዬ ሰርክ በርበሬ እየመዘኑ ቀና አሉ። «ጋሼ፣ ጦርነቱ እንዴት አደረ?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሚባለው ብዙ ነው፤ የማውቀው የለም። ይልቅ ልጅሽ ጋ ደውዪ። እኛ እዚሁ ነን።»

ሣህሊቱ ወንበር አቀረበች። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሣ፤ «እማዬ፣ ወደቡ ተመትቷል፤ እኔ ሩቅ ነኝ፣ ደህና ነኝ!»

እትዬ ሰርክ አለቀሱ፣ ሣቁ፣ ወደ ሚዛናቸውም ተመለሱ።

ውጭ ሲወጡ ጋሼ አላስቻላቸውም። «አየሽ፣ እውነት ነበር እኮ!»

«እውነትማ ነበር!» አለች ሣህሊቱ ጭንቅላቷን ይዛ። «ከእርስዎ ቢሰሙት ግን ልጃቸውን በሐሳብ ቀብረው ይወድቁ ነበር። ከልጃቸው ስለሰሙት ይኸው ሥራቸው ላይ ናቸው። ሲጣራ ሐሰቱ ማንንም አይገድልም፤ እውነቱም ማንንም ሳይጥል ይደርሳል።»

የጋሼ ስልክ ጮኸ፤ ድርድሩ ፈረሰ ይላል። ለመንገደኛው ሁሉ ሊያውጁ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

«ማን ነው ያለው?» ብለው መነጽራቸውን ፈለጉ።