የኋላ ቀኝ ጎማ

(እሑድ ከሰዓት፣ ጉለሌ፤ ጡረተኛው አቶ ዘውገ ያረጀች ቮልሳቸውን በክሪክ አንሥተው የኋላ ቀኝ ጎማዋ ሥር ቁጢጥ ብለዋል፤ ልጃቸው ወይንሸት መሪው ጋ ተቀምጣ ፍሬን ትረግጥላቸዋለች።)

ዘውገ፦ ልቀቂው እንጂ!

ወይንሸት፦ ለቅቄዋለሁ እኮ አባዬ!

ዘውገ፦ ታዲያ ይኼ ጎማ ለምን አይዞርም? የእጅ ፍሬኑስ?

ወይንሸት፦ ወርዷል። ስንቴ ትጠይቀኛለህ?

ዘውገ፦ እስኪገባኝ! ዓርብ ጠዋት አስፋልቱ ጋ እንኳ ሳትደርስ ጎማዋ ጋለ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። የፍሬን ዘይት ቱቦውን ቀየርኩላት፣ እሷ እቴ!

ወይንሸት፦ ተዋት በቃ። አርጅታለች።

ዘውገ፦ ነገ ናርዶስን ማን ትምህርት ቤት ያድርሳት? ልጅሽን እኮ ነው የምልሽ።

ወይንሸት፦ በታክሲ እወስዳታለሁ።

ዘውገ፦ እኔ አያቷ እያለሁ? ቆይ፣ መተንፈሻውን ልፍታው። ዘይቱ ታፍኖ ከሆነ አሁን ይለቃል… ይኸው ወጣ። ጎማው ግን ንቅንቅ የለም!

ወይንሸት፦ እንግዲህ…

ዘውገ፦ ዝም በይ አንዴ። ዘይት አይደለም ማለት ነው። የፍሬን ሸራው ራሱ ነው የጎማውን ታምቡር ጨምድዶ የያዘው። ሸራ ደግሞ እየሳሳ ይላላል እንጂ በራሱ አይጠብቅም። በዚች ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቶ ያጠበቀው ሰው አለ። ወይንሸት!

ወይንሸት፦ አቤት።

ዘውገ፦ ይኼን ያስተማርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ወይንሸት፦ እኔ ነኝ። ሐሙስ ለቅሶ ስትሄድ ነው ያጠበቅኩት።

ዘውገ፦ መኪናዬን? በዚህ ጉልበቴ ጭቃ ላይ ስንደባለል ተቀምጠሽ እያየሽኝ?

ወይንሸት፦ አፌ እምቢ አለኝ አባዬ። ምን ብዬ ልንገርህ?

ዘውገ፦ ምኑን?

ወይንሸት፦ ናርዶስ «ሥራ አለኝ» አለችኝ። «የምን ሥራ?» ስላት፣ «መብራቱ ቀይ ሲሆን ለአያቴ እነግረዋለሁ» አለች።

ዘውገ፦ ጨዋታ ነው እሱ። የልጅ ነገር።

ወይንሸት፦ «ሰው ሲሻገርም ንገሪኝ ብሎኛል» አለች። ሰባት ዓመቷ ነው! አንድ ቀን ወሬ ይዛ ብትረሳስ? ረቡዕ ደግሞ እኔን ራሴን፣ ከመንገዱ ዳር እጄን ሳውለበልብልህ፣ አጠገቤ እያለህ ጥለኸኝ አለፍክ።

ዘውገ፦ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው።

ወይንሸት፦ ዝናብ ነበር፤ በስብሼ ነው የገባሁት።

ዘውገ፦ ለሰው ተናግረሻል?

ወይንሸት፦ ለማን እናገራለሁ?

ዘውገ፦ ነይ ውረጂ። በአንድ ጎማ እኔን ማን ያቆመኛል? እንኪ ካቻቢቴውን፤ የቀሩትንም ሦስቱን አጥብቂያቸው።