ባዶ ገጽ የምታነብ እህት

መጽሐፍ ጠራዡ ሽማግሌ ዝናብ አባሯቸው እንጂ፣ ወደ ኤሌክትሮኒክስ መደብር ዝር የሚሉ ሰው አልነበሩም። ኮታቸውን እያራገፉ ቀና ሲሉ የእህታቸው ልጅ፣ መነጽር ሠሪዋ፣ መደርደሪያው ፊት ቆማ አንዲት ስስ ሰሌዳ በእጇ ስትመዝን አገኟት።

«ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?»

«ለእማዬ ልደት ስጦታ እየመረጥኩ ነው አጎቴ። የመጽሐፍ ማንበቢያ ናት።»

የሽማግሌው ፊት ጨፈገገ። ዕድሜያቸውን መጽሐፍ ሲሰፉ የኖሩ ሰው፣ ክርና ሙጫ የሌለውን ነገር መጽሐፍ ብለው ሊጠሩት ነው!

«እናትሽ መጽሐፍ አንሷት ነው? የጠረዝኩላት ብቻ ሁለት መደርደሪያ ሞልቷል። ካሻትስ ስልክ አላት።»

«ስልክማ ይጮኻል፣ ያንጸባርቃል፣ ወሬ ያመጣል። ይቺ ከማስነበብ ሌላ ሥራ የላትም። ፊደሉም እንደፈለጉት ይተልቃል።»

«እናትሽ ማንበብ አላቃታትም!» ብለው ጮኹ። ጩኸቱ ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው።

ልጅቷ ትክ ብላ አየቻቸው። «አጎቴ፣ ምን አይተዋል?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ያስጠረዘችውን መጽሐፍ ልወስድላት ብዬ፣ ለናሙና የሠራሁትን ባዶ ጥራዝ ይዤ ሄድኩ። ቆዳቸው አንድ ነው፤ ተሳሳትኩ። ‹ላንብብልህ› ብላ ገለጠች።»

«ባዶውን?»

«ባዶውን! አንድ ሰዓት ሙሉ። መስመሩን በጣቷ ትከተላለች፣ ጊዜውን ጠብቃ ገጽ ትገልጣለች። ድምፁ የእሷ አይደለም ልጄ፤ የሟቿ እናታችን ነው። አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ ሆና ትጣራለች፤ ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ አይሰማትም፤ እንዲህ እያለች ታነባለች። ቀና ስል ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ ግን አያየኝም።»

«ለምን አልነገሯትም?»

«ምን ብዬ? ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት! ዓይኗ መድከሙን እንዳወቅኩባት ከገባት በኀፍረት ትሞትብኛለች።»

«ዝም ማለትዎ አክብሮት አይደለም አጎቴ፤ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን መተው ነው። መነጽሯን ሦስቴ ቀየርኩላት፤ ከእንግዲህ አይረዳትም። ትልቅ ፊደል ግን አሁንም ትለያለች።»

የወዳጅን ገመና መሸፈን ደግነት ይመስለናል፤ ሸፍነን ሸፍነን ሰውየውን ራሱን ከነሕይወቱ እንቀብረዋለን። ጠራዡም ይህ የገባቸው ያኔ ነው፤ አፈሩም።

እጃቸውን ዘረጉ። የሚያንጸባርቀውን ተዉ፣ ከባዱንም ተዉ፤ በጎኗ ገጽ መግለጫ ቁልፍ ያላትን አነሡ። «እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ቁልፍ ይሻላታል» አሉ፣ መደብሩን እሳቸው የከፈቱት ይመስል።

በልደቱ ቀን ከእህታቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ «እትዬ፣ ያ መጽሐፍ ባዶ ነበር» አሉ።

አሮጊቷ አስተማሪ ፊታቸውን ወደ ወንድማቸው መለሱ። «ታዲያ አንድ ሰዓት ሙሉ ስጣራህ ምን ትሠራ ነበር?»

ሽማግሌውን እንባ ቀደማቸው።

ከዚያ ወዲህ ማንበቢያዋ ከአስተማሪዋ እጅ አልጠፋችም። ቀላል ናትና ክንድ አታዝልም፤ ባትሪዋ ሳምንታት ይቆያል፤ አንድ ገጽ ላይ የሚያርፉት ቃላት ጥቂት ቢሆኑም ሁሉም ይታያሉ። ንባባቸው ግን እንደ ድሮው አይፈስም፤ ይደናቀፋሉ፣ ይመለሳሉ፣ ፊደል ይለቅማሉ። ጠራዡ ይህን መደናቀፍ ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን የለውም።

አንድ ቀን ታሪኩ ጦፎ ሳለ አስተማሪዋ ቆም አሉ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ ወንድማቸው።

«እኔ ምን አውቄ!» አሉ አስተማሪዋ በቁጣ። «ገና አላነበብኩትም።»