ለእንጨቱ ዓሣ የሚሆን ዘንግ

— ሄሎ?... ሄሎ... ማን ልበል?... አንተ ነህ እንዴ! ድምፅህ ጠፋብኝ እኮ። ምን ሆንክ? ደህና ነህ?... እሺ፣ ቀስ በል። መጀመሪያ ተቀመጥ። ተቀመጥክ?... አልተቀመጥክም። ቆመህ ስታወራ ትንፋሽህ ይታወቀኛል።

— ምን ጠፋ?... አልጠፋም። ማንም አልሰረቀውም። የእንጨት ዓሣህ እኔ ጋ ነው... አዎ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት። ተኝተህ ሳለ ከመደርደሪያው አወረድኩት፤ በፎጣ ጠቀለልኩት፤ በዘንቢል ይዤው ወጣሁ።... አልወደቀም። ቀለሙም አልተላጠም። ጅራቱ ብቻ ትንሽ... ኧረ ቀልዴን ነው! ምንም አልሆነም።

— አትጩህብኝ እንጂ፣ ሰው አለ እዚህ።... የት እሆናለሁ? የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነኝ።... አዎ፣ እኔ እናትህ። ምነው፣ ዘንግ መግዛት ለእናት ክልክል ነው እንዴ? ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁ፤ ዓሣህን አወጣሁና "ይሄን መወርወር የሚችል ዘንግ አሳዩኝ" አልኩ።

— ይቅርታ ጋሼ፣ ልጄ ነው... አዎ፣ የጠረበው እሱ ነው... ባለሱቁ "እጁ ይባረክ" ይሉሃል። ትልቁ ዓሣ እውነት መስሎት እንዲጎርሰው የሚሠራ የውሸት ዓሣ ብዙ አይተዋል፤ እንዲህ የከበደ ግን አላዩም። ሚዛን ላይ አስቀመጡትና "ይሄ ዓሣ ነው ጡብ?" አሉኝ።... እንዴታ፣ ነገርኳቸው! "ከጠረጴዛዬ እግር ነው የጠረበው፤ ሆዱን ቦርቡሮ እርሳስ አቅልጦ ሞላበት። ጠረጴዛዬ ዛሬም በሦስት እግርና በጡብ ነው የቆመችው። እግሩ ዓሣ ሆነ፣ ጡቡ እግር ሆነ" አልኳቸው። ሳቃቸውን ብትሰማ!

— ማነው ከኋላህ የሚያወራው?... ባለጀልባው? ዛሬ ምን ያደርጋል? ነገ አይደል ያላችሁት?... ነፋሱ ስለተኛ። እሺ... ሐይቁ መስታወት መስሏል። እሺ፣ ገባኝ።... ገባኝ አልኩህ እኮ። እሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል፣ አንተ ደግሞ ዓሣህን አጣህ።

— ስማኝ የኔ ልጅ። አልቆጣም። ባለጀልባውን ዕድሜውን ያርዝመው፤ ያን ቀን ጀልባው ላይ በሽታው ሲጥልህ፣ በቀበቶህ ይዞ ከውሃው የመለሰህ እሱ ነው። ቀበቶ ግን ሁልጊዜ ለእጅ አይመችም።... መድኃኒቱን እየዋጥክ ነው፣ አውቃለሁ። ሐኪሟስ ምን አለችህ? የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ጀልባ ላይ አይውጣ አላለችም?... "እስኪረጋጋ ድረስ" ነው ያለችው። ተረጋግቷል እንዴ? በቀደም ወጥ ቤት ውስጥ ስትወድቅ "እኔን ይድፋኝ!" ብዬ የጮህኩት ለማን ነው? ለድስቱ ነው?

— ሄሎ... ትሰማኛለህ?... እህ።

— "ከዳር ሆኜ መወርወር አልችልም"?... እሱ ነው እኮ! እኔም የምልህ እሱኑ ነው። ቤት ባለው ዘንግህ ይሄን ዓሣ ከዳር መወርወር አይቻልም፤ አንዴ ሞክረህ ጫፉ ተቀነጠሰ። ስለዚህ "በጀልባ ወደ ጥልቁ ወጥቼ ከኋላዬ እጎትተዋለሁ" አልክ። እኔ ስገላበጥ አደርኩና... የጎደለው ዘንግ ነው እንጂ ጀልባ አይደለም አልኩ። ዘንጉ አቅም ካለው ከዳር ሆኖ ይወረውራል። ቢጥልህም የምትወድቀው ሣር ላይ ነው። ሣር ደግሞ አያሰጥምም።

— ምን?... አይ፣ አልቸኩልም። አንተም አትቸኩል። ለባለጀልባው ወንበር ስጠው፤ ይረፍ።

— ብታየው ይሄን ሱቅ... ዘንጎቹ ግድግዳውን ሞልተው ቆመዋል። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ አለ፤ ቀስ እያለ ይዞራል። ንፋሱ ሲነካቸው ጫፋቸው ሁሉ አንድ ላይ ዘንበል ይላል፤ ደግሞ ይመለሳል። ሸንበቆ መሃል የገባሁ መሰለኝ። ስገባ ጋሼ ክንዳቸውን ተንተርሰው አንቀላፍተው ነበር፤ ልቀሰቅሳቸው አንጀቴ አልቻለም፤ ዝም ብዬ ቆምኩ። የውሸት ዓሦቹ ከጣሪያው በክር ተንጠልጥለው አየሩ ውስጥ ይዋኛሉ። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ጀርባው የማለዳ ሰማይ የመሰለው... እነሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ውሃ ሥር የቆምኩ መሰለኝ። አልፈራሁም እኮ! ባልዲ ሲሞላ የምትደነግጠው እናትህ አልፈራሁም። እስትንፋሴ እንኳ ቀስ አለ... አላበድኩም። ነገርኩህ ብቻ።

— ምን ዓይነት ዘንግ ነው?... ቆይ፣ ከሥሩ ልንገርህ። መጀመሪያ ያነሳሁት ቀጭኑን፣ ለስላሳውን ነው። "ለትከሻው አይከብደውም" ብዬ። ጋሼ ዓሣህን ጫፉ ላይ አንጠለጠሉት። ዘንጉ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብሎ ወለሉን ሳመ! እንደ አዲስ ምራት እጅ ነሳ።... ሳቅ፣ ሳቅ። "በዚህ ከወረወረ ወይ ዘንጉ ይሰበራል ወይ ክሩ ይበጠሳል፤ ዓሣውም የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል" አሉኝ።

— እልህ ያዘኝና ወፍራሙን አነሳሁ። የበር መቀርቀሪያ በለው። አይታጠፍ፣ አይለመጥ። "ይሄ ነው ዘንግ ማለት!" አልኩ። ከሱቁ ጀርባ ሣር ያለበት ባዶ ሜዳ አላቸው፤ የዓሣህን መንጠቆዎች ፈትተው አስቀመጡና "በይ ወርውሪ" አሉኝ።... እኔ! ጫማዬን አውልቄ! ወገቤን አስሬ ወረወርኩ... እግሬ ሥር ዱብ!... አልተሰነጠቀም አልኩህ። ሣሩ ተቀበለው። "ይሄስ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው" አልኩ። ጋሼ ምን አሉ መሰለህ? "ዘንግ ካልታጠፈ አይወረውርም። ክብደቱን መጀመሪያ መሸከም አለበት፤ የተሸከመውን ነው መልሶ የሚወረውረው።" ይሄን ካሉኝ ጀምሮ በጆሮዬ ይመላለሳል።

— ሦስተኛው... እሱ አሁን እጄ ላይ ነው። ቁመቱ ካንተ በአንድ ክንድ ይበልጣል። ጠንካራ ነው፤ ወገቡ ላይ ግን ይታጠፋል፤ ታጥፎም ወዲያው ቀጥ ይላል። እጀታው ረጅም ነው። ቀኝህ ከላይ፣ ግራህ ከታች፤ በሁለት እጅ ነው የሚወረወረው። ትከሻህ ብቻውን አይለፋም።... የሚችለው ክብደት? ተጽፎበታል። ቆይ መነጽሬን... "ከ... መቶ... እስከ... ሦስት መቶ... ግራም።" ራሴ ነኝ ያነበብኩት፣ ማንም አልነገረኝም።... አዎ፣ ዓሣህ መሃሉ ላይ ነው የሚያርፈው። ጋሼ "መጨረሻው ቁጥር ላይ የሚደርስበትን አትግዢ፤ ጣት ጫፉን የነካበት ጫማ ይገዛል እንዴ?" ብለውኛል።... ክሩ የተጎነጎነ ነው። ወፍራም። የክሩ መጠቅለያ ክብ፣ ከላይ የሚቀመጥ።... አየህ? ትጠይቀኛለህ እንጂ! ልብህ ከጀልባው ወርዷል።

— ምን?... ድገመው።... "ሐይቁ ውስጥ ያየሁት ዓሣ ከሌለ ዘንጉ ምን ያደርጋል?"... ይሄ የአጎትህ አፍ ነው። "ላም አለኝ በሰማይ" ብሎ ሲስቅብህ እኔም ነበርኩ።... አልሳቅኩም። ዝም ነው ያልኩት።... ዝምታዬ ይብሳል? እሺ... ይሁን።

— አውቃለሁ። ከመውደቅህ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው ያየኸው። ከጀልባው ሥር አለፈ። ሐኪሟ "በሽታው ከመጣሉ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ያሳያል" አለች። ባለጀልባው ደግሞ ያን ጊዜ ወደ ሌላ ወገን ነበር የሚያየው። ምስክር የለህም። ስለዚህ እዚያው ቦታ ተመልሰህ ሕልም እንዳልነበረ ልታረጋግጥ ነው።... አይ ልጄ። ገብቶኛል። እንዴት አይገባኝም?

— እንግዲያው ዛሬ የሆነውን ልንገርህ። ጋሼ ሁለቱን ዘንግ ከመለሱ በኋላ "የሚወረወረውን አየሁት፤ የሚያዘውስ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም አፌን ከፈትኩ... "ቁመቱ የበር ያህል ነው" አልኩ። "ጀርባው ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ጎኑ ላይ ጨረቃ የፈሰሰበት ይመስላል። የታችኛው መንጋጋው ወጣ ብሏል። አይቸኩልም። በገዛ ቤቱ ውስጥ ከክፍል ክፍል እንደሚሄድ ሰው ነው የሚያልፈው። ዓይኑ ደግሞ... ያውቅሃል።" እንዲህ አልኳቸው።... አላየሁትም፣ ልክ ነህ። ካንተ ነው የሰማሁት። ግን ስናገር ታየኝ። ልኩን ላሳያቸው እጄን ስዘረጋ፣ እጄ የት እንደሚቆም ያውቅ ነበር። ጋሼም "የለም" አላሉኝም። ረጅም ጊዜ እጆቼን አዩ። ከዚያ "እንዲህ ያለው ሲመሽ ወደ ዳር ይጠጋል፤ ጥልቁ ወደሚጀምርበት" አሉና መሰላል አቁመው ይሄን ዘንግ አወረዱ።

— ሄሎ?... ሄሎ! ተቋረጠ እንዴ?... አለህ። እሺ... አላለቀስክም። ጉንፋን ነው። እሺ፣ ጉንፋን ይሁን።

— ምን ያህል ርቀት ይወረውራል?... በአፍ አይነገርም። ቆይ፣ ወደ ሜዳው እየወጣሁ ነው... ስልኩን በአንገቴ ልያዘው ብል አይሆንም፣ ሁለት እጅ ነው። ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን ይያዙልኝ... ጠጋ ያድርጓት ወደ ክሩ... እንዲያ። ልጄ፣ ዝም ብለህ ስማ! አንድ... ሁለት...

— ...

— ሰማኸው? ሰማኸው ወይ? ያ ሲያፏጭ የሰማኸው ክሩ ነው! አጥሩ ጋ ደረሰ! ጋሼ እየሳቁ ነው፤ ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ "ምንድን ነው የሚዘንበው?" ይላል።... እኔ እንጃ፣ ክንዴ ቀለለኝ። ዓሣህ አየሩ ላይ ሲሄድ... እንዴት ልበልህ... ከእጄ የወጣ አልመሰለኝም። እዚያም ሆኖ እጄ ላይ ነበር።

— በቃ፣ ዛሬ ሲመሽ አብረን እንሄዳለን። አጠገብህ እቀመጣለሁ፣ ልክ ከ... ምን?... ምነው?

— "ዓይንሽ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ መወርወር አልችልም።"... እንዲህ ነው?... አልተቀየምኩም። ተናገር።... እየሰማሁ ነው።... ሰው ሲያይህ አንተን አያይም፤ መቼ ትወድቃለህ ብሎ ነው የሚጠብቀው።... እኔም?... እኔም።

— ...

— አለሁ።... እና ብቻህን ልተውህ? በሞቴ አይሆንም!... ቆይ፣ ቆይ አትዝጋው። እንስማማ። ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ፤ ትልቁ ዛፍ ሥር።... ጀርባዬን ሰጥቼ? ኧረ ባክህ! በጎን እንኳ ትንሽ...? እሺ። እሺ! ጀርባዬን ሰጥቼ። ሹራቤን እሠራለሁ፤ መርፌውን አያለሁ። ግን አንተም አንድ ነገር ታደርግልኛለህ። ታፏጫለህ።... አዎ፣ ፉጨት። እያፏጨህ ከሆነ ሰማይ ቢወድቅ አልዞርም።... ዓሣው ይሸሻል? ጋሼ! ዓሣ ፉጨት ይሰማል እንዴ?... "የሰማ ይምጣ" ይሉሃል።

— ፉጨትህ ከቆመ ግን እዞራለሁ።... ዓሣው ስለያዘ ቢሆንስ? ያን ጊዜማ ሮጬ ነው የምመጣው! በየትኛውም ሮጬ ነው የምመጣው።

— እንግዲህ ለባለጀልባው ንገረው፤ በር ላይ አታቁመው። አልዘጋም፣ እጠብቅሃለሁ።... 

— ምን አልከው?... "ዛሬ አልወጣም፣ ነገን አላውቅም።" ለኔም እንደዚያው ነው?... ነገን አታውቅም። ይሁን። ዛሬ ይበቃኛል።

— ወደ ሱቁ ተመልሻለሁ፤ ጋሼ ዓሣህን እያጸዱት ነው። እስቲ... እስቲ አሁን አፏጭልኝ።... እዚያው ቤት ውስጥ። ምን አለበት? ልለምደው።

— ... እም።

— ... ቀጥል። ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ጀርባዬንም ሰጥቻለሁ፣ ለግድግዳው... ዘንጎቹ ከኋላዬ ዘንበል ሲሉ ይሰማኛል... ውሃው ረግቷል... ቀጥል...

— ... ለምን አቆምክ?... ሄሎ?... ሄሎ! ልጄ!... ልጄ!

— ...ትንፋሽ ልትስብ ነው? ትንፋሽ!... ወይ ጉድ... እሺ። ሳብ። ደህና አድርገህ ሳብ።... አልዞርኩም። ይኸው፣ አልዞርኩም።... በል ዝጋው። አንተ ዝጋው፣ እኔ አልችልም።